የአቶ ወልዴ ግድብ የማን ነው?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤታችን ልጆች ለስላሳና ዳቦ አቅርበው ሸኙኝ። ኃላፊው ንግግር አደረገ። «ጋሽ መኮንን ለአካባቢያችን የውኃ ሥራ ያበረከቱት አስተዋጽኦ…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረው፣ አቀረበው፣ አራቀው። ለካ ማተሚያው ቀለም ጨርሶ የቀረው መስመር አልወጣም። ስለዚህ ምን እንዳበረከትኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀጥሎ አንድ ወጣት መሐንዲስ ተነሣና፣ «ጋሼ፣ ያኔ ይህ ሁሉ መሣሪያ ሳይኖር አንድ የአፈር ግድብ ደህና መሆኑን በምን ታውቁ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ቁጭ ብለን» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቀልድ መስሏቸዋል። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሲናገር የሚስቅ ሰው አልወድም፤ ዕድሜ ልኬን ከሠራሁት አንዷን እውነት ባወጣ ሳቁብኝ ብዬ እየተብሰከሰክሁ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ለጥቂት ቀን ታገሠችኝና «እኔ ላይ ከምታጉረመርም ጻፈው» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ከጂንካ በላይ ተራራው ላይ ያለችው የገዘር ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ገዘር ገበያ ላይ የከተመ ነጋዴ ነበር። አማርኛውን ከእሱ፣ አሪኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጣላ ተማርኩ፤ በኋላ በሥራ የጠቀመኝ በጠብ የተማርኩት ነው። አጭር ኮርስ ወስጄ የውኃ ቴክኒሺያን ተብዬ ስቀጠር መጀመሪያ የተመደብኩት ኦሞራቴ ነው። ሥራዬ ፓምፕ መጠበቅ ነበር። ፓምፑ ደግሞ መለዋወጫ ይጠብቅ ነበር። ሁለታችንም ኦሞ ዳር ቁጭ ብለን ስንጠባበቅ የአገሬው ሰዎች፣ ዳሰነቾቹ፣ ዓሣቸውን አጥምደው፣ ከብታቸውን አጠጥተው፣ እኛን አይተው አዝነውልን ይሄዱ ነበር።

አለቃዬ የውኃ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ውኃ የሚፈራ ሰው ነው። ለቁጥጥር ሲመጣ ከመኪናው አይወርድም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወንዙ እንዴት ነው?» ይለኛል። «አለ» እለዋለሁ። «አለ» ብሎ ይጽፍና ይመለሳል። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ ሆድ ይፍጀው።

ከኦሞራቴ ወደ ገዘር፣ ከገዘር ወደ ጂንካ ተዛወርኩ። ጂንካ ላይ ነው ጋሽ ንጋቱን ያገኘሁት። ከናዝሬት በኩል የመጡ፣ አጭር፣ ደንደን ያሉ፣ ትልልቅ ግድብ ላይ የሠሩ የተማሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ጂንካ ምን ያደርጋል ብለን ስናጠያይቅ፣ ለአንድ ባለሥልጣን «ይህ ያሠሩት ግድብ ያፈሳል» ብለዋቸው ኖሯል። ግድቡም አፈሰሰ። ባያፈስ ኖሮ ይቅር ይባሉ ነበር።

ከጋሽ ንጋቱ ጋር መጀመሪያ መስክ የወጣን ቀን እኔ እንደ ጎረምሳ ሮጬ የግድቡ አናት ላይ ወጣሁ። እሳቸው ከታች ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። «አናቱን ባለቤቱ አስውቦ ነው የሚጠብቅህ። እግሩን እይ» አሉ። ከዚያ የግድቡ ግርጌ፣ ውኃ የሌለበት ጎን ላይ፣ ምንም ሳያነጥፉ መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ከቦርሳቸው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጡ። ላጡ፣ ጨው ነሰነሱ፣ እያላመጡ ወፍ ሲያዩ ቆዩ። እኔ ለምሳ ቸኩለዋል ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው። በልተው ሲጨርሱ ተነሡና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«እይ እስቲ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«መቀመጫዬን!»

አየሁ። ምን ላድርግ፣ አለቃ ናቸው። ሱሪያቸው ደረቅ ነበር። «ደረቅ ነው» አልኩ አፍሬ። «እንግዲያው ግድቡ ዛሬ ደህና ነው» ብለው ጽፈው ሄድን። መሬት ላይ ያለ እርጥበት በዓይን አይታይም፤ ሰው አንድ እንቁላልና አንድ ዳቦ እስኪበላ ከተቀመጠበት ግን ይሰማዋል። ለዚያ ነው ሳይቸኩሉ የሚበሉት።

ሱሪያቸው የራሰ ቀን ደግሞ ሁለተኛው ምርመራ ይመጣል። ውኃው ከሚመነጭበት ላይ በሻይ ብርጭቆ ይቀዱና ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። የአፈር ግድብ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያልባል፤ ጠብ የሚለው ንጹሕ ከሆነ አያስፈራም። ብርጭቆው ሥር አፈር ከዘቀጠ ግን ውኃው ግድቡን ውስጥ ውስጡን እየቦረቦረ ይዞት እየወጣ ነው ማለት ነው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም እሳቸው ሳያዩኝ ብቻዬን ቁጭ ብዬ መብላት ተለማመድኩ። ባለቤቴ ሱሪ ስታጥብ ስለ ሥራዬ የነበራት አስተያየት ሌላ ነው።

አሁን ወደ አቶ ወልዴ ግድብ ልምጣ።

አቶ ወልዴ ጂንካ ላይ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ከአብዮቱ በፊት ከጂንካ ወደ አልዱባ በሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ መሬት ነበራቸው። ከተራራው የሚወርደውን ጅረት በአፈር ገድበው ሽንኩርትና ሙዝ ሊያለሙ ተነሡ። ትራክተር የለ፣ ዳምጠው የለ። አፈሩን ማን ይጠቀጥቀው? ለዚህ ኦይታ የሚባል የበና ሽማግሌ ወዳጃቸው ዘንድ ሄዱ። ኦይታ ብዙ ከብት አለው። ሰዎች አፈሩን ይደለድላሉ፣ ውኃ ይረጫሉ፣ የኦይታ ከብቶች እየተመላለሱ ይረግጣሉ፤ እንደገና ይደለደላል፣ እንደገና ይረገጣል። በዚህ ዓይነት ግድቡ ቆመ። በምትኩ የኦይታ ከብት እስከ ዘለዓለም ከግድቡ ሊጠጣ ተማማሉ። ጋሽ ንጋቱ ይህን ሲሰሙ «ከብት ጥሩ ዳምጠው ነው፤ ነዳጁንም ራሱ ያግጣል» ብለው ተደሰቱ።

ከዚያ የመሬት አዋጅ ታወጀ። አቶ ወልዴ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ ካሳ ሄዱና «መሬቱን ውሰዱ። ውኃው ግን ከሰማይ ሲወርድ ያጠራቀምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ካሳ የአሪ ገበሬ ነው፣ ጨዋ ሰው፣ ግን በዚያ ሰሞን ሴሚናር ሄዶ ተመልሷል። «ጓድ ወልዴ፣ ሰማዩም የሰፊው ሕዝብ ነው» አላቸው።

ነገሩ በዚያው ተንጠልጥሎ ዓመታት አለፉ። በሰው አፍ «የወልዴ ግድብ»፣ በማኅበሩ ስብሰባ «የማኅበሩ ግድብ» ነው። ኦይታ ደግሞ «ግማሹ የከብቴ እግር ነው» ይላል። ማኅበሩ ሽንኩርት ያጠጣል፣ ኦይታ ከብት ያጠጣል፣ አቶ ወልዴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ እዚያ ወርደው በግድቡ አናት ላይ ይመላለሱና የረገጠውንም ያልረገጠውንም ይቆጣሉ። ካሳ አንድ ቀን «ጓድ ወልዴ፣ የማይመለከትህን አትቆጣ» ቢላቸው፣ «ቁጣዬም ተወርሷል?» አሉት።

እኔና ጋሽ ንጋቱ ግድቡን ልናይ የሄድን ቀን ሦስቱም መጡ። ጋሽ ንጋቱ ግርጌው ላይ ተቀምጠው እንቁላላቸውን መላጥ እንደጀመሩ ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ የሴት ራስ ብቅ አለ። ሸክላ ሠሪዋ ጌጤ ናት። ቅርጫቷን ሞልታ ጭቃ ታወጣለች፤ ከግድቡ እግር ላይ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ጋሽ ንጋቱ፣ እንቁላሉ እጃቸው ላይ ቀርቶ።

«አፈሬን አወጣለሁ።»

«ይህ እኮ የግድቡ እግር ነው!»

«እግሩ ይሁን። አናቱን ነካሁ?»

ከዚያ አስረዳችን። ድሮ ለሸክላ አፈር ሩቅ ትሄድ፣ ደረቁን ትፈጭ፣ ውኃ ተሸክማ ታቦካ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እዚህ ቦታ አፈሩ ራሱ ታሽቶ ይጠብቃታል። «እግዜር ያቦካልኛል» አለች። ስለዚህ ማፍሰሱን የሚያቆም ሰው ጠላቷ ነው። ጋሽ ንጋቱ ተነሡና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ማየት አላስፈለገኝም፤ ውኃው ከሱሪያቸው ይንጠባጠባል። በብርጭቆው ቀዱ። ስንጠብቅ ቆይተን ሥሩ ላይ ቀይ አፈር ተኛ።

«ቤትሽ የትኛው ነው?» አሏት።

«ያ። ከሱ ቀጥሎ የእህቴ። ከሱ ቀጥሎ የባሌ ወንድም።» ሸክላ ሠሪዎቹ ሁሉ በዚያ ሰልፍ ይኖራሉ፤ ከግድቡ ድንጋይ ብትወረውር ጣራቸው ላይ ያርፋል። ልጆች በራፍ ላይ ይጫወታሉ። ጋሽ ንጋቱ እንቁላሉን ሳይጨርሱት ቦርሳቸው ከተቱ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም፤ ፈራሁ።

ወደ ባለቤቶቹ ዞሩ። «እዚህ ቦታ ላይ ከብቶቹ በደንብ ረግጠዋል?»

አቶ ወልዴ አፈር አፈር ማየት ጀመሩ። ኦይታ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። «እዚህ ከብት አልገባም። ያን ቀን ወልዴ ጨው ከለከለኝ። ከብቴን ይዤ ሄድኩ።»

«አልከለከልኩህም! ነገ እሰጥሃለሁ ነው ያልኩህ!»

«ከብትም ነገ ይረግጣል አልኩ። አንተ አልጠበቅህም። በደረቅ አፈር ደፈንህ።»

ጋሽ ንጋቱ ራሳቸውን ያዙ። ቀጥለው የግድቡን ማስተንፈሻ አሳዩኝ አሉ፤ ግድብ ሲሞላ ትርፉ ውኃ በጎን በኩል የሚወጣበት ቦይ ነው። ይህ ደግሞ የባሰ ጉድ ሆኖ ተገኘ። የችግኝ ተከላ ዘመቻ በመጣ ጊዜ ከአውራጃው የመጡት ጓዶች ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ የሚኖረውን ይህን ቦይ አይተው፣ ጉድጓድ ከምንቆፍር የተቆፈረ አለ ብለው፣ እዚያው ውስጥ ባህር ዛፍ ተክለውበታል። የመጀመሪያዋን የተከላት የአውራጃው ጓድ አስተባባሪ ራሱ ስለሆነ ከብት እንዳይበላት ዙሪያዋ በድንጋይ ታጠረ፣ ድንጋዩ ክፍተት እንዳይኖረው በጭቃ ተመረገ። ባጭሩ የግድቡ አፍ በሥነ ሥርዓት ተደፈነ፤ ተጨበጨበም።

«ይህ መከፈት አለበት» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «እዚያ ደግሞ እግሩ መታከም አለበት። የግድቡ ባለቤት ማነው?»

ሽንኩርት ሲነቀል ሦስት ባለቤት የነበረው ግድብ በአንድ አፍታ የሙት ልጅ ሆነ።

«የጓድ ወልዴ ነው። እሱ ነው የሠራው» አለ ካሳ።

«ተወርሷል እኮ!» አሉ አቶ ወልዴ። «ሰማዩም ተወርሷል ብለኸኝ የለ!»

«እኔ ከብት ብቻ አለኝ» አለ ኦይታ።

ጌጤ ጭቃዋን ተሸክማ እየሳቀች ወረደች።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ መጮህ ነው የሚቀናኝ። ጋሽ ንጋቱ ግን አልጮኹም። ቢሮ ገብተው፣ ስለ ግድቡ ሁኔታ ሕዝቡ በተገኘበት በቦታው ስብሰባ ይደረግ ብለው ለጓድ አስተባባሪው አመለከቱ። አስተባባሪው ስብሰባ የሚጠላ ሰው አልነበረም። ዕለቱ ሲደርስ ጋሽ ንጋቱ ማልደው ወርደው፣ ለጓዶቹ መቀመጫ ይሆናል ብለው ለምለም ሣር አሳጭደው ራሳቸው ጎዘጎዙ። የጎዘጎዙት ያን ቀን ሱሪያቸው የራሰበት ቦታ ላይ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ?» አልኳቸው። «ጥላ አለው» አሉኝ።

ጓድ አስተባባሪው አዲስ ካኪ ለብሶ መጣ። ረዳቶቹም እንደዚያው። ሣሩ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። ካሳ ሪፖርት አቀረበ፤ በሪፖርቱ መሠረት ሽንኩርቱ ከዕቅድ በላይ ነው። ከዚያ አስተባባሪው ስለ ዓለም ሁኔታ ጀመረ። ዓለም ሰፊ ናት። ጋሽ ንጋቱ ዳር ላይ ሆነው እንቁላላቸውን በጸጥታ ይበላሉ። አንዱ ረዳት እየተቁነጠነጠ ጎኑን ቢያይ ሁሉም እየተቁነጠነጠ ነው፤ ግን አስተባባሪው ሲናገር ማን ይነሣል?

በመጨረሻ አስተባባሪው መፈክር ሊያሰማ ተነሣ። ግራ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ወደ ግድቡ ዞረ፤ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠ ማለት ነው። ካኪው ከወገቡ በታች በቀይ ጭቃ ተለውሷል። ረዳቶቹ ተከትለው ተነሡ፤ ሁሉም እንደዚያው። የሚስቅ ሰው የሚደርስበትን ሁሉም ያውቃል። ጌጤ ብቻ አላወቀችም መሰለኝ፣ ከት ብላ ሳቀች።

«ምንድነው?» አለ አስተባባሪው።

«ጓድ፣ ግድቡ ያፈሳል» አሉ ጋሽ ንጋቱ ቀስ ብለው።

«ማነው ያፈሳል ያለው?»

«ሱሪዎ።»

በቃ፣ ወደ ኦሞራቴ ተመልሼ ያን ፓምፕ ልጠብቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። አስተባባሪው እጁን ወደ ኋላ ልኮ ዳሰሰ፣ እጁን አየ፣ ከታች ያሉትን ቤቶች አየ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ኮሚቴ ይቋቋም» አለ። «ግርጌው በአስቸኳይ ይታከም። ችግኙን ግን ማንም እንዳይነካ! የበላይ አካል የተከለው ነው።» ግማሽ ድል አገኘን።

ደቦ ተጠራ። የጌጤን ጉድጓድ ደፈንን። ከታች አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ትልልቅ ድንጋይ ደረብን። ጋሽ ንጋቱ ለሠራተኛው ሁሉ «ውኃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር» እያሉ ያስረዳሉ፤ እኔ ወደ አሪኛ እመልሳለሁ፤ ኦይታ ወደ በና ቋንቋ ይመልሳል፤ የራሱንም ሳይጨምርበት አይቀርም፣ ምክንያቱም የእሱ ሰዎች በየመሃሉ አቶ ወልዴን እያዩ ይስቃሉ። ጌጤ አኩርፋ ነበር። ጋሽ ንጋቱ ከደቦው ሰው ከፍለው ሌላ ቦታ አፈር ስላስወጡላት ታረቀች፤ ያም ሆኖ «የእግዜርን አቦካክ አይደርስም» ትል ነበር። ሥራው ሲያልቅ ከድንጋዩ ሥር በብርጭቆ ቀዳን። ውኃው ጠራ። ጋሽ ንጋቱ ሁለት እንቁላል በሉ።

እኔ ዳነ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በተገናኘን ቁጥር «አፉ ተደፍኗል» ይሉኛል። ደብዳቤ ጻፉ፣ ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ኮሚቴው አጣሪ ኮሚቴ ወለደ። ሳይቃጠል በቅጠል ቢሉ ማን ይስማቸው። ባህር ዛፉ ደግሞ ውኃ ዳር ስለሆነ ዕድገቱ ሌላ ነው፤ ግንዱ ወፈረ፣ ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ያዘ። ጓድ አስተባባሪው ባለፈ ቁጥር መኪና አስቁሞ ዛፉን አይቶ ይሄዳል።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ገዘር በኩል ተራራው ላይ ዝናቡ አላባራ አለ። አንድ ጠዋት አቶ ወልዴ ኮፍያ የለ፣ ጃንጥላ የለ፣ በዝናብ በስብሰው ቢሮአችን ገቡ። «ንጋቱ፣ ውኃው አናቱ ሊደርስ ነው» አሉ። ጋሽ ንጋቱ ቦርሳቸውን እንኳ አላነሡም። ስንደርስ ውኃው ከግድቡ ጫፍ ሥር ቆሞ ይንቦጫረቃል። ከታች ከደረብነው ድንጋይ ጎን ሌላ ምንጭ ፈልቋል። ብርጭቆ አላስፈለገም፤ የሚወጣው ሻይ መስሎ ነበር።

«ሰዎቹን አስወጣ» አሉኝ።

ሮጥኩ። ልጆቹና ሽማግሌዎቹ ቶሎ ወጡ። ጌጤ ግን ገና ያልተተኮሰ ሸክላ ቤቷ ሙሉ አላት፤ ዝናብ ከነካው ጭቃ ነው። «ሸክላዬን ካልያዝክ አልወጣም» አለች። ክርክር የሚፈታበት ጊዜ አይደለም፤ እኔ፣ ባሏና እህቷ ጆንያ እያለበስን ማሰሮና ጀበና ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። በሥራ ዘመኔ የመንግሥት ንብረት እንደዚያ ተጠንቅቄ ተሸክሜ አላውቅም። አንዲት ማሰሮ ተሰበረችብኝ፤ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ተመልሼ ስመጣ ሦስቱ ባለቤቶች በጋሽ ንጋቱ ዙሪያ ቆመዋል። ዛፎቹን በመጥረቢያ ጀምረዋል፤ ማንም አልከለከለ፣ አስተባባሪው ለስብሰባ አርባ ምንጭ ሄዷል። ግን ሥሩ የያዘው ድንጋይ ንቅንቅ አይልም።

«ጊዜ የለንም» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «በዚያኛው ጫፍ፣ ከማስተንፈሻው ጎን፣ የግድቡን ትከሻ መቁረጥ አለብን። በዚያ በኩል ታቹ አለት ነው፤ ውኃው ወደ ገደሉ ይወርዳል እንጂ ሰው ቤት አይገባም። እዚህ በራሱ ከፈረሰ ግን በሸክላ ሠሪዎቹ ላይ ነው የሚሄደው። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ አንዴ ከተቆረጠ ውኃው ራሱ እያሰፋ ይጨርሰዋል። ግድቡ አይተርፍም።»

ካሳ ፊቱ አመድ መሰለ። የሕዝብ ንብረት አፈረሰ መባል ያኔ ምን እንደሚያስከትል እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ሰባት ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ በእሱ አልፈርድም። ወደ ላይ አየ፣ ወደ ቤቶቹ አየ፣ ከዚያ ለአቶ ወልዴ እንዲህ አላቸው፦

«አቶ ወልዴ፣ ግድቡ እኮ የእርስዎ ነው።»

አቶ ወልዴ የሰሙትን አላመኑም። «ምን አልክ?»

«የእርስዎ ነው። ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።»

«እነዚህ ሰዎች ይስሙ። ድገመው።»

«ግድቡ የአቶ ወልዴ ነው» አለ ካሳ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ ጮክ ብሎ።

አቶ ወልዴ ግድቡን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ፈርቶ እንደሰጣቸው ያውቃሉ፤ የሚሰጣቸው ዕዳውን እንጂ ግድቡን እንዳልሆነም ያውቃሉ፤ ሞኝ አልነበሩም። ከአንዱ ሰው እጅ ዶማ ተቀበሉና፣ «የኔ ከሆነማ ማንም ቀድሞኝ እንዳይነካው» ብለው ሄዱ።

መጀመሪያ ያነሡትን ዶማ መልሰው አወረዱት። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው መቱ። ኦይታ ዱላውን ጥሎ አጠገባቸው ቆመ። «ግማሹ የኔ ከብት ነው። ግማሹን እኔ እቆርጣለሁ» አለ። ካሳም ዝም ብሎ ማየት አልቻለም፤ ኮቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አካፋ ያዘ። እኔና ሌሎቹ ገባን። የኦይታ ከብት የረገጠው አፈር አልቆረጥ ብሎ አሰቃየን። ኦይታ በየመሃሉ «አየህ? አየህ?» ይላል ለአቶ ወልዴ።

ውኃው መንገዱን ሲያገኝ ጋሽ ንጋቱ ሁላችንንም እየጎተቱ አወጡን። በመጀመሪያ እንደ ቦይ፣ ከዚያ እንደ ወንዝ ወረደ። ትከሻው ተናደ፣ ባህር ዛፎቹ ከነሥራቸው፣ ከነድንጋያቸው ሄዱ። ድምፁ ደረት ይመታ ነበር። ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ቤት ግን አንድ ማንኪያ ውኃ አልወረደም። ጌጤ በራፏ ድረስ ወርዳ መሬቱን በእጇ ዳሰሰችና ተመልሳ ወጣች።

ግድቡ ባዶ ሲሆን አቶ ወልዴ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ጭቃው ላይ የሚፈራገጡትን ዓሦች ያያሉ። ጋሽ ንጋቱ ግድቡን ለማትረፍ የሞከሩት ሁሉ አልሆነላቸውም፤ ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል። ካሳ ቀስ ብሎ ቀረበ።

«አቶ ወልዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምን ልታዘዝ?»

አቶ ወልዴ ቀና ብለው አዩት። «ባለቤትነት እንዲህ ከሆነ ቀደም ብለህ አትነግረኝም ነበር? ያን ሁሉ ዓመት ባልጨቀጨቅኩህ» አሉት።

ካሳ ሳቀ። ኦይታም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረባቸውና ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሱ። ካሳ ኮቱን ከድንጋዩ ላይ አንሥቶ አራገፈና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። ከዚያ ሁላችንም፣ የግድቡ ባለቤት እስኪነሡ ድረስ፣ ዝናብ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው።